ሕፃን ሲያስቀምጠው፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ አሥረኛው ቀን ምን ይደረግ?

ሕፃን ሲያስቀምጠው ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ነው። አሜባ ይሆን? ጃርዲያ ይሆን? ጥርስ እያወጣ ይሆን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መቅደም ያለበት ግን ሌላ ነው፦ እስካሁን ምን ያህል ፈሳሽ ወጣበት? ሰገራው ውስጥስ ደም አለ? ለእነዚህ ሁለቱ ትክክለኛ መልስ የሰጠ ሰው የጀርሙን ስም ሳያውቅም ቢሆን አብዛኞቹን ሕፃናት በደህና ያሻግራል። ይህ መመሪያ ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ከ2 ወር በታች የሆነ ጨቅላ ካስቀመጠው ቤት ማቆየት አያስፈልግም፤ ጡት እየጠባ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በእርግጥ ተቅማጥ ነው?

በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የቀጠነ ወይም ውኃ የሆነ ሰገራ ከወጣ ተቅማጥ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ግን በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለስለስ ያለ ቢጫ ሰገራ ቢያወጣ ጤነኛ ነው። እሱ ላይ የሚታየው ለውጡ ነው፤ ከወትሮው ይልቅ ውኃ ከሆነ ወይም በድንገት ከበዛ በሽታ ነው ብለው ይነሱ።

ስለ ጥርስ አንድ ነገር መባል አለበት። ሕፃኑ ጥርስ የሚያወጣበት ዕድሜ መዳህ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትበት፣ ተጨማሪ ምግብ የሚቀምስበትና ከእናቱ ወርሶት የተወለደው የበሽታ መከላከያ የሚቀንስበት ጊዜ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው በእጁና በምግቡ የሚገባው ጀርም እንጂ ጥርሱ አይደለም። «ግግ ነው» ተብሎ ድዱን ማስቆፈር ደግሞ አደገኛ ስህተት ነው፦ ደም ያፈስሳል፣ በንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ ቴታነስና ሌላ ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ያልበቀለውን ጥርስም ያጠፋል፤ ተቅማጡን ግን አያቆምም። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚያው ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ የጎደለውን ፈሳሽ መገመት

ሕፃኑን በብርሃን ፊት ያስቀምጡና አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይመልከቱ።

1. ሁኔታው፦ እንደ ወትሮው ነው? ይነጫነጫል? ወይስ ደንዝዞ፣ ልፍስፍስ ብሎ ሲጠሩት አይነቃም?
2. ዓይኑ፦ ጎድጉዷል? እናትየውን ይጠይቁ፤ የወትሮ መልኩን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።
3. አጠጣጡ፦ በማንኪያ ሲሰጡት እንደ ወትሮው ይጠጣል? ማንኪያውን እየተሻማ በጥማት ይጠጣል? ወይስ ጨርሶ መጠጣት አቅቶታል?
4. ቆዳው፦ ከእምብርቱ ጎን ያለውን የሆድ ቆዳ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ወደ ላይ ቆንጥጠው ለአንድ ሰከንድ ይያዙና ይልቀቁ። ወዲያው ይመለሳል? ቀስ ብሎ ይመለሳል? ወይስ ከ2 ሰከንድ በላይ ቆሞ ይቆያል?

የመደንዘዝ፣ የዓይን መጎድጎድ፣ መጠጣት አለመቻልና የቆዳ በጣም ቀስ ብሎ መመለስ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ከታዩ ሕፃኑ ከባድ የፈሳሽ እጥረት ላይ ነው። በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ መጠጣት የሚችል ከሆነ በመንገድ ላይ በማንኪያ እየሰጡ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። መነጫነጭ፣ የዓይን መጎድጎድ፣ በጥማት መጠጣትና ቆዳው ቀስ ብሎ መመለስ ከሆኑ፣ ከእነዚህም ሁለቱ ካሉ፣ እጥረቱ መካከለኛ ነው፤ ጤና ጣቢያ ተቀምጦ ለ4 ሰዓት መጠጣት አለበት። ከነዚህ አንዱ ብቻ ከታየ ወይም ምንም ከሌለ ሕክምናው ቤት ውስጥ ይጀመራል፤ መደንዘዝ ወይም መጠጣት አለመቻል ግን ብቻውን ቢታይም ጊዜ ሳይሰጡ ይውሰዱት።

ሁለት ማሳሳቻዎች አሉ። በጣም የከሳ ልጅ ፈሳሽ ሳይጎድለውም ቆዳው ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ዓይኑም የጎደጎደ ነው፤ የወፈረ ልጅ ደግሞ ፈሳሽ እያለቀበት ቆዳው ቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አይወስኑ። የሽንቱን መጠን ይጨምሩበት፦ 6 ሰዓት ያህል ሽንት ያልሸና ወይም ሽንቱ ጠቁሮ ጥቂት የሆነ ልጅ ፈሳሽ ጎድሎታል። የጨቅላ እርግብግቢት ወደ ውስጥ መስመጡም ይረዳል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) በትክክል ማዘጋጀት

በተቅማጥ የታመመ አንጀት ብዙ ነገር ቢያቅተውም ጨውን ከግሉኮስ ጋር አጣምሮ ወደ ደም ማስገባቱን አያቆምም። ሁለቱ ሲገቡ ውኃ ተከትሎ ይገባል። ኦአርኤስ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ለዚህም ነው መጠኑ ከተዛባ ጥቅሙ የሚጠፋው።

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የፓኬቱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ አብዛኞቹ ለ1 ሊትር ውኃ የተዘጋጁ ናቸው፣ ለ200 ወይም ለ500 ሚሊ ሊትር የሚሆኑም ይገኛሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የተሠራው የ1 ሊትር ፓኬት 20.5 ግራም ይመዝናል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በ1 ሊትር ሃይላንድ ይለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሃይላንድ ሁሉ አንድ ሊትር አይደለም፤ የግማሽ ሊትር፣ የ600 ሚሊ ሊትርና የ2 ሊትር አለ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። ውኃውን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ገልብጠው ፓኬቱን በሙሉ ይጨምሩና ዱቄቱ እስኪሟሟ ያማስሉ። ይቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ መጨው የለበትም። ክዳን ይግጠሙለት። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ደፍተው አዲስ ያዘጋጁ።

የሚበላሸው በሚከተሉት መንገዶች ነው። «ለትንሽ ልጅ ይበቃል» ብሎ ሙሉ ፓኬት በትንሽ ውኃ መበጥበጥ ጨውን ያወፍራል፤ የደም ሶዲየም ከፍ ብሎ ሕፃኑን እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ግማሽ ፓኬት በአንድ ሊትር ደግሞ የጎደለውን ጨው አይተካም። ስኳር፣ ለስላሳ ወይም ጁስ ቢጨመርበት ትርፉ ስኳር ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ከተበጠበጠ በኋላ ማፍላትም መጠኑን ያዛባል።

ፓኬት እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ማንኪያው ለጥ ተደርጎ የተሞላ ይሁን፤ ክምር አይሁን። ፖታሲየም ስለሌለው ጊዜያዊ ነው። ጨው ጣል የተደረገበት የሩዝ ውኃና ቀጭን ሾርባም ይረዳሉ። ኮካ፣ ሚሪንዳና በስኳር የወፈረ ሻይ ለዚህ አይሆኑም።

መጠኑና አሰጣጡ

ቤት ውስጥ ለሚታከም ልጅ፣ በቀጠነ ቁጥር፦ ከ2 ዓመት በታች ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ለትንሹ በማንኪያ፣ ለትልቁ በኩባያ። ጡጦ ይቅር፤ ጫፉን አጥርቶ ማጽዳት ከባድ ስለሆነ ራሱ የጀርም ምንጭ ይሆናል። ጡት የሚጠባ ልጅ ከወትሮው በላይ ቶሎ ቶሎ ይጥባ።

ለመካከለኛ የፈሳሽ እጥረት መጠኑ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 750 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም በየደቂቃ ተኩሉ ገደማ አንድ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር) ማለት ነው። ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው፤ ሁለት ሰው ቢፈራረቅበት ጥሩ ነው። 4 ሰዓቱ ሲያልቅ አራቱ ምልክቶች እንደገና ይታያሉ።

ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይጀምሩ፤ አሁን ግን ቀስ እያሉ፣ በየ2 ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ካስመለሰው የሚበልጠው ውስጥ ይቀራል። የዓይኑ ቆብ ካበጠ በዝቶበታል፤ ኦአርኤሱን አቁመው የእናት ጡትና ንጹሕ ውኃ ብቻ ይስጡ።

ብዙ እናቶች ኦአርኤስን በሁለተኛው ቀን የሚተዉት «ተቅማጡን አላቆመውም» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ አያቆምም። ሥራው የወጣውን መተካት ነው፤ ተቅማጡ በራሱ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ፣ ይቆማል። መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ሳይናገር ፓኬቱን ብቻ ካስጨበጠ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ዚንክና ምግብ

የዚንክ እንክብል 20 ሚሊ ግራም ነው። ከ6 ወር በታች ግማሽ፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ አንድ ሙሉ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ10 ቀን። በማንኪያ ላይ በታለበ የእናት ጡት ወተት፣ በንጹሕ ውኃ ወይም በኦአርኤስ ይሟሟል። ጣዕሙ የብረት ስለሆነ አንዳንዱ ልጅ ያስመልሰዋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ይደገምለት። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም 10ሩ ቀን መሞላት አለበት፤ ዚንክ የተጎዳውን የአንጀት ሽፋን ይጠግናል፣ ለሚቀጥሉት 2 እና 3 ወራትም ተቅማጥ እንዳይመላለስ ያግዛል።

ሆዱ ይረፍ ብሎ ማስጾም አይገባም። ከ6 ወር በላይ የሆነው ልጅ በትንሽ በትንሹ፣ በየ3 እና 4 ሰዓቱ ይብላ፦ ዘይት ጠብ የተደረገበት ገንፎ፣ ወፈር ያለ አጥሚት፣ ሩዝ፣ ድንች፣ የተፈጨ ሙዝ፣ እርጎ፣ እንቁላል። ሙዝ በተቅማጥ የሚወጣውን ፖታሲየም ይተካል። ቡላም ይጠቅማል፤ ስታርች ብቻ ስለሆነ ግን ከወተት ወይም ከእንቁላል ጋር ይሁን።

የትኛው ጀርም ነው? ሰገራው ምን ይናገራል?

በአፍሪካና በእስያ 7 አገሮች የተካሄደውና በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ግሎባል ኢንተሪክ መልቲሴንተር ስተዲ፣ በሕፃናት ላይ ለሚደርሰው መካከለኛና ከባድ ተቅማጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት አራት እንደሆኑ አሳይቷል፦ ሮታቫይረስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ መርዝ አመንጪ ኢ. ኮላይና ሺጌላ። ኢትዮጵያ በጥናቱ አልነበረችበትም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ግን ነበረች። በየቤታችን ስማቸው ሲጠራ የሚውለው አሜባና ጃርዲያ ከአራቱ ውስጥ የሉም።

ሮታቫይረስ፦ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለው ልጅ፣ መጀመሪያ ትኩሳትና ትውከት፣ ከዚያ ብዙ ውኃ የሆነ ተቅማጥ። ጀርሙ ከገባ በ2 ቀን ገደማ ይጀምርና ከ3 እስከ 8 ቀን ይቆያል። ደም የለውም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ምንም አያደርገውም። ክትባቱ በኢትዮጵያ መደበኛ ፕሮግራም የገባው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በአፍ ይሰጣል። የተከተበ ልጅም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ወደ ከባዱ ደረጃ የመድረስ ዕድሉ ግን ይቀንሳል።

ሺጌላ፦ ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ ማማጥ፣ ከዚያም ጥቂት በጥቂት የሚወጣ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ። ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ለማሳመም ይበቃሉ፤ ለዚህ ነው በቤት ውስጥ ከልጅ ወደ ልጅ የሚዛመተው። ደም ካዩ ቤት ውስጥ አይጠብቁ። ጤና ጣቢያ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መጠኑ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ3 ቀን ነው። በ2 ቀን ካልተሻለው ተመልሶ ይታይ። ከዶሮ ጋር በአንድ ቤት የሚያድሩ ልጆች ላይ ካምፒሎባክተርም ተመሳሳይ ደም ያመጣል።

ኮሌራ፦ የሩዝ እጣቢ የመሰለ፣ ቁርጠትና ትኩሳት የሌለው፣ እየተደፋ የሚወጣ ተቅማጥ። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በአካባቢው አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አለ ከተባለ ምልክቱ ሳይሟላም ቶሎ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ይንገሩ።

ክሪፕቶስፖሪዲየም፦ ቀጭን፣ ውኃ የሆነና የሚቆይ ተቅማጥ፣ በተለይ ከ2 ዓመት በታች ባሉና በከሱ ልጆች። በጥጆች በኩልም ይተላለፋል። ክሎሪን አይገድለውም፤ ስለዚህ ውኃ አጋር የመሰለ ክሎሪን የተጨመረበት ውኃ ባክቴሪያን ቢያጠፋም ይህ ይተርፋል። ማፍላት ይገድለዋል።

ጃርዲያ፦ ሳያተኩስ የሚመላለስ፣ የሚሸት፣ ቅባት የመሰለ ሰገራ፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት አለመጨመር። በብዙ ጤነኛ ልጆች ሰገራ ውስጥም ይገኛል።

ደም ያለው ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም። ሕፃኑ በየተወሰነ ደቂቃ እግሩን ሰብስቦ እየጮኸ፣ መሀል ላይ ዝም እያለ፣ እያስመለሰ፣ ደምና ንፍጥ የተላቆጠ ጄሊ መሳይ ነገር ካወጣ አንጀቱ እርስ በርሱ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የቀዶ ሕክምና አስቸኳይ ጉዳይ ነው።

የላቦራቶሪው ጉዳይ፣ የፍላጂሉም ጉዳይ

በአገራችን ያስቀመጠው ልጅ ሁሉ ሰገራ ይመረመራል፣ «አሜባ» ይባላል፣ ሜትሮኒዳዞል (ፍላጂል) ይዞ ይመለሳል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የአሜባ እንቁላል በሽታ አምጪው ይሁን ምንም የማያደርገው ዘመዱ አይለይም፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። አሜባ አሳመመው ለማለት ቀይ የደም ሴል የዋጠ፣ የሚንቀሳቀስ አሜባ መታየት አለበት። ለዚያ ደግሞ ናሙናው ትኩስ መሆን ይኖርበታል፦ ሽንት ባልነካው ንጹሕ ዕቃ ተቀብለው በ30 ደቂቃ ውስጥ ያድርሱ። ከዳይፐር የተፋቀ ወይም ጠዋት ተቀምጦ ከሰዓት የደረሰ ናሙና ይህን አያሳይም። ደም የሌለው፣ ውኃ የሆነና ገና የጀመረ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራም አያስፈልገውም።

አላስፈላጊ ሜትሮኒዳዞል መራራ ነው፣ ያቅለሸልሻል፤ መጠጣት የነበረበት ልጅ አፉን ይዘጋል። አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ ራሱ ያስቀምጣል፣ ጀርሞችንም ያላምዳል። ሎፔራማይድና ሌሎች አንጀት የሚያስሩ መድኃኒቶች ለሕፃን ጨርሶ አይሰጡ፤ አንጀቱን አቁመው ሆዱን ይነፋሉ፣ ጀርሙንም ያቆዩታል፣ ሕይወትም ሊያሳጡ ይችላሉ።

በቤቱ ውስጥ እንዳይዛመት

«የሕፃን ሰገራ ምን ያደርጋል» የሚባለው ስህተት ነው፤ ጀርሙ የሚበዛበት እሱ ነው። ፖፖውን መጸዳጃ ቤት ይድፉ፤ የሽንት ጨርቁን ያጠቡበትን ውኃም እንዲሁ እንጂ ግቢ አይድፉት። ልጁን ካጠቡ በኋላ፣ ከመጸዳጃ ሲመለሱ፣ ምግብ ከማዘጋጀትዎ፣ ከማብላትዎና ከማጥባትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና፣ ከሌለ በአመድ፣ ለ20 ሰከንድ እያሹ ይታጠቡ። የእጅ አልኮል አንዳንድ የተቅማጥ ቫይረሶችን፣ በተለይ ኖሮቫይረስን፣ በደንብ አይገድልም።

ሰገራና ትውከት የነካው ወለል መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ ለ9 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይፈስስበታል። በረኪናውን በሃይላንድ አያስቀምጡ፤ የተጠማ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

የመጠጥ ውኃ ይፍላ፤ ጠባብ አፍ ባለው ክዳን ያለው ዕቃ ይቀመጥና እጅና ኩባያ ሳይነከርበት ይቀዳ። ፈልቶ በተከፈተ እንስራ የተቀመጠ ውኃ እንደገና ይበከላል። ለሕፃኑ የተሠራ ገንፎ ከጠዋት እስከ ማታ አይቆይ፤ ሙቀቱ የወረደ እህል ላይ ባክቴሪያ በጥቂት ሰዓት ይራባል።

መቼ ይመለሱ?

መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ሁሉንም ካስመለሰ፣ ደም ከታየ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ትኩሳት ከተነሳበት፣ ከደነዘዘ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ይውሰዱት። ሌላ ምልክት ባይኖርም በ5ኛው ቀን ካልተሻለው ይታይ። 14 ቀን የሞላው ተቅማጥ የተለየ ምርመራና የአመጋገብ ለውጥ ይፈልጋል፤ የኤችአይቪ ምርመራም የዚሁ አካል ነው። ደም የቀላቀለው ተቅማጥ ካቆመ በኋላ ባሉት ቀናት ልጁ ከገረጣ፣ ሽንቱ ከቀነሰና ፊቱ ካበጠ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ሆስፒታል ይድረስ።

ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ወይም የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ በምግብ እጥረት ክፉኛ ስለተጎዳ በዚህ መመሪያ አይታከምም። የተለመደው ኦአርኤስ ሶዲየም ስለሚበዛበት ልቡን ሊያስጨንቅ ይችላል፤ በሕክምና ተቋም ሪሶማል የተባለው፣ ሶዲየሙ ያነሰ ኦአርኤስ ይሰጠዋል። ኮሌራ ከሆነ ግን እሱም መደበኛውን ኦአርኤስ ይወስዳል።

ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይስጡትና ጤና ኬላ ወስደው ያስመዝኑት፤ ከመታመሙ በፊት ወደነበረበት ኪሎ እስኪመለስ ተጨማሪው ምግብ አይቋረጥ።